ሳይጠይቁን የታደሰ ውል፦ ከጎጃም ሆኖ እንዴት ይከራከሩታል?

ጂም የተመዘገባችሁት ለአንድ ዓመት ነበር። ሦስት ወር ሄዳችሁ ተዋችሁት። ዓመቱ አልቆ ጉዳዩን ከረሳችሁት በኋላ ስልክ ይደወላል። «ውልዎ ታድሷል፤ የአዲሱን ዓመት ክፍያ መቼ ያስገባሉ?»

ባሕር ዳር ላይ ጂም ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ላይ የልጆች አጋዥ ትምህርት፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የቤት ኢንተርኔት፣ ሞጣ ላይ ደግሞ በየቀኑ ከስልክ ሂሳብ ሁለት ሁለት ብር የሚቆርጥ የአጭር መልዕክት አገልግሎት። መልኩ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ውሉ ውስጥ እንዲህ የሚል መስመር ተቀምጧል፦ «ተጠቃሚው ውሉ ከማብቃቱ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቀ በስተቀር ውሉ ለተመሳሳይ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል።»

ይህን መስመር መቃወም ይቻላል። ግን በጩኸት አይደለም፤ በቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ቀጣዩን አቁሙ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከተወሰደበት ብር ነው። እንግዳ መቀበያው ጋ ይከራከራል፣ ይናደዳል፣ ይወጣል። በዚህ መሀል የሚቀጥለው ወር ደርሶ ሌላ ክፍያ ይታሰባል። ስለዚህ ያለፈውን ብር ለጊዜው ተዉትና ቀጣዩን እድሳት ዝጉ።

ክፍያው ከባንክ ሂሳባችሁ በቋሚ ትዕዛዝ የሚተላለፍ ከሆነ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ትዕዛዙ እንዲቆም በጽሑፍ አመልክቱ። ውሉ ታድሷል ከተባለበት ቀን ወዲህ ያለውን የሂሳብ መግለጫም አስወጡ። በካርድ የሚከፈል የስልክ መተግበሪያ ከሆነ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ብቻውን ክፍያውን አያቆምም። ጉግል ፕሌይ ላይ የደንበኝነት ምዝገባዎች ወደሚለው ገጽ ገብታችሁ እዚያው መሰረዝ አለባችሁ። ካርዱ ውጭ አገር ያለ የወንድማችሁ ከሆነ እሱም ማወቅ ይገባዋል፤ የሚቆረጠው ከእሱ ነውና።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመኪና ወይም የባጃጅ መድን ከሆነ አታቁሙ፤ ቢያንስ ሌላ ሳትይዙ አታቁሙ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው። ያለ መድን መንዳት ከእድሳቱ ክፍያ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

ሌላው ደግሞ፣ አልታደሰም እያላችሁ አገልግሎቱን አትጠቀሙ። «አልፈለግኩም» ያለ ሰው በማግስቱ ጂም ገብቶ ከፈረመ የገባበት መዝገብ በእሱው ላይ ማስረጃ ይሆናል። ሞደም፣ ዲኮደር፣ የአባልነት ካርድ ካለ አስረክባችሁ ደረሰኝ ወይም ክሊራንስ ውሰዱ።

አንቀጹን ፈልጉ

አሁን ውሉን አውጡ። ከሌላችሁ ኮፒ ጠይቁ። የፈረማችሁበትን ወረቀት ኮፒ አልሰጥም የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ የጠየቃችሁበትን ቀንና ያናገራችሁትን ሰው የሥራ ድርሻ ማስታወሻ ላይ አስፍሩ። ኋላ ይጠቅማል።

ስታነቡ «እድሳት» የሚለውን ርዕስ ብቻ አትፈልጉ። አንቀጹ ብዙ ጊዜ «የውሉ ዘመን»፣ «ልዩ ልዩ ሁኔታዎች» ወይም «ማቋረጥ» በሚሉ ርዕሶች ሥር ይደበቃል። ስታገኙት ማየት ያለባችሁ እነዚህን ነው። ማስታወቂያው ስንት ቀን ቀድሞ ይሰጣል? በጽሑፍ ነው ወይስ በቃልም ይበቃል? የት ነው የሚደርሰው፣ ቅርንጫፉ ወይስ ዋናው መሥሪያ ቤት? የሚታደሰው ለስንት ጊዜ ነው? ዋጋውስ የድሮው ነው ወይስ «በወቅቱ ዋጋ»?

ከሁሉ በላይ ግን ፊርማችሁ የት እንዳለ እዩ። እድሳቱ ከፊርማችሁ በላይ በተጻፈው ውስጥ ነው ያለው? ወይስ ፊርማችሁ በመጀመሪያው ገጽ ሆኖ አንቀጹ ያልተሰጣችሁ «አጠቃላይ ደንብ» ውስጥ ነው? ክርክሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ከማን ጋር ነው?

ከደስ የማይለው ልጀምር። አንቀጹ ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ከፈረማችሁ ሕጉ በቀላሉ አይለቃችሁም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። «አላነበብኩትም» ማለት ብቻውን ደካማ መከራከሪያ ነው። እዚህ ላይ መንገዳችሁ የሚቀጥለውን በጊዜ ማቋረጥና ያለፈውን በድርድር ማቅለል ነው።

ሌላ ሁኔታ አለ። የፈረማችሁት አንዲት ቅጽ ነው። ቅጿ «በድርጅቱ ደንብ መሠረት» ትላለች። ደንቡን ግን ማንም አላሳያችሁም። እዚህ ጋ ቁጥር 1686 ይጠቅማችኋል። አንድ ነጋዴ ለደንበኞቹ ሁሉ የሚጠቀምበት ጠቅላላ ሁኔታ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው፣ ያ ሰው አውቆ ከተቀበለው ነው። በመንግሥት አካል የተደነገገ ወይም የጸደቀ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ስለዚህ «ደንባችን ነው» ሲሏችሁ መልሱ አጭር ነው። «መቼ አሳያችሁኝ? የተቀበልኩበትስ የታል?»

ሦስተኛው በጣም የሚገርመኝ ነው። ውሉ ስለ እድሳት ምንም አይልም። ዓመቱ ሲያልቅ ድርጅቱ መልዕክት ይልካል፤ «ካልተቃወሙ ይቀጥላል» ይላል። ወይም ምንም ሳይል ይቀጥላል። በመርሕ ደረጃ ዝምታ መቀበል አይደለም፤ ቁጥር 1682 ይህንኑ ይላል። ግን ተጠንቀቁ፤ ቁጥር 1684 በሩን ትንሽ ይከፍተዋል። ቀድሞ የሥራ ግንኙነት ካላችሁና ድርጅቱ ግንኙነቱን ለማስቀጠል ሐሳብ ካቀረበ፣ በተገቢው ጊዜ ካልተቃወማችሁ እንደተቀበላችሁ ሊቆጠር ይችላል። ለዚህ ግን ዝምታችሁ እንደ እሺታ እንደሚወሰድ በግልጽ የሚያሳውቅ የተለየ ሰነድ ሊደርሳችሁ ይገባል። በማስታወቂያ መሀል የተወሸቀች ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያለ ሰነድ ናት ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። የሆነ ሆኖ እንዲህ ያለ መልዕክት ሲደርሳችሁ ዝም አትበሉ። በዚያው ቀን «አልፈልግም» ብላችሁ መልሱ።

ስለ ማስረጃም አንድ ነገር ልበል። ቁጥር 2001 ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን ግዴታው መኖሩን ያስረዳ ይላል። «ታድሷል፣ ክፈል» የሚለው ድርጅቱ ነው፤ እንግዲህ መታደሱን የሚያስረዳውም እሱ ነው። እናንተ ደግሞ «አቋርጫለሁ» ካላችሁ ማቋረጣችሁን የምታስረዱት እናንተ ናችሁ። ወደ ታች ስለ ማኅተም ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

ውሉ «ታድሷል» ተብሎ እስከ መቼ እንደሆነ ካልተጻፈስ? ጊዜው ያልተወሰነ ውል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ማቋረጥ እንደሚቻል ቁጥር 1821 ይፈቅዳል። የአንቀጹ ቃል ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው ጠቅላላ ሁኔታ ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ጠይቁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ቡሬ ላይ ለሱቃችሁ ሥራ ያስገባችሁት ኢንተርኔት ከሆነ በዚህ አዋጅ መንገድ ላይ ልትሰናከሉ ትችላላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ለነጋዴም ይሠራል።

በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ታድሷል» ተብሎ የተከፈለ ነገር ካለ ጥያቄው ሁለት ነው። ታድሷል ወይ የሚለው አንዱ ነው። አገልግሎቱ ተሰጥቷል ወይ የሚለው ሌላው ነው። መቋረጡ የድርጅቱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ላልተሰጠ አገልግሎት ገንዘብ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ለየብቻ ጻፏቸው።

ቀን ቆጠራው

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በቀን ነው። 30 ቀን የተባለው ጥብቅ ነው ብላችሁ ያዙት።

ውላችሁ መስከረም 10 ቀን የሚያበቃ ነው እንበል። ሠላሳ ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ጳጉሜን መሀል ትገባለች። አምስት ቀን ስትሆን ነሐሴ 15 ላይ ትደርሳላችሁ፤ ስድስት ስትሆን ነሐሴ 16። ጳጉሜንን ረስታችሁ «ነሐሴ 10» ብትሉ ግድ የለም፤ ቀድማችሁ ነው። ችግሩ ያለው «ከእንቁጣጣሽ በኋላ አደርገዋለሁ» ያላችሁ ጊዜ ነው። እኔ ብሆን ከመጨረሻው ቀን ሁለት ሳምንት ቀድሜ እሰጣለሁ። መንገድ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ኃላፊው ስብሰባ ይሄዳል።

የፈረንጅና የኛ አቆጣጠርም ያሳስታል። ዓመቱ አብሮ ከተጻፈ ብዙ ጊዜ ይለያል። «በየዓመቱ 05/06» ብቻ ከተባለ ግን የካቲት 5 ይሁን ጁን 5 ወይም ሜይ 6 አይታወቅም። ቀድሞ የሚመጣውን ያዙና በዚያ ሂሳብ አሳውቁ።

ደብዳቤው

ረጅም አይሁን። ቁጣም አይግባበት። ቁጣ ያለበትን ደብዳቤ ጸሐፊዋ ለአለቃዋ ለማሳየት ትፈራለች፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ገና ላልታደሰ ውል እንዲህ ይበቃል፦

ቀን፦ ነሐሴ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ (የድርጅቱ ሙሉ ስም)
ባሕር ዳር
ጉዳዩ፦ ውል እንዳይታደስ ስለማሳወቅ
መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት የድርጅታችሁ አገልግሎት ተጠቃሚ መሆኔ ይታወቃል። ውሉ መስከረም 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ሲያበቃ እንዲታደስ የማልፈልግ መሆኑን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ላለው ጊዜ ክፍያ እንዳይታሰብብኝ እጠይቃለሁ። ደብዳቤው መድረሱን በኮፒው ላይ እንድታረጋግጡልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።
ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ፣ የውል ቁጥር)

ታድሷል ከተባለ ደግሞ ጉዳዩን «ያለ ፈቃዴ የታደሰ ውልን ስለመቃወም» ብላችሁ መሀሉን እንዲህ ቀይሩት፦

«ውሉ ታድሷል መባሉን ያወቅሁት በ… ቀን ነው። የእድሳት ሁኔታው ውሉን ስፈርም አልቀረበልኝም፤ አልተቀበልኩትምም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686 መሠረት እኔን አያስገድደኝም። ከ… ቀን ጀምሮ አገልግሎቱን አልተጠቀምኩም። ስለዚህ የተወሰደብኝ … ብር በ15 ቀን ውስጥ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።»

«አልቀረበልኝም» የሚለውን እውነት ከሆነ ብቻ ጻፉ። ፈርማችሁ ኮፒው እጃቸው ላይ ካለ በአንድ ገጽ ያፈርሱታል። ያለ ግዴታ የከፈላችሁት ከሆነ ማስመለስ እንደምትችሉ ቁጥር 2164 ስለሚናገር እሱንም ልትጠቅሱ ትችላላችሁ። መፍራት የለባችሁም፤ ጠበቃ አያስፈልገውም። እጅ ጽሑፋችሁ የማይነበብ ከሆነ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ያሉት ማመልከቻ ጻፊዎች ይጽፉላችኋል። ብቻ የሕግ ቁጥር እንዳያበዙባችሁ ንገሯቸው፤ አንዳንዶቹ ለአንዲት ጂም ሕገ መንግሥቱን ጭምር ይጠቅሳሉ።

ማኅተም ያለበት ኮፒ

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ስጡ፤ ሁለተኛው ላይ ደረሰኝ አስፈርሙ። ለመዝገብ ክፍሏ ልጅ «እህቴ፣ ኮፒው ላይ ደርሶናል ብለሽ ቀኑን ጻፊና ማኅተም አድርጊልኝ» በሏት። ገቢ ቁጥር ከሰጠቻችሁ የበለጠ ጥሩ ነው። «ኃላፊው የለም፣ ነገ ተመለስ» ካለች ደግሞ «ኃላፊውን አልፈልግም፤ ገቢ ብቻ አድርጊልኝ» በሉ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸኘው በዚህች «ነገ ተመለስ» ነው። ነገ ሲመጣ ሠላሳ ቀኑ አልፏል።

እምቢ ካሉ ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱና ፊታቸው ደብዳቤውን አስቀምጡ። ምስክሮቹ ኮፒው ላይ ስማቸውንና ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ። ድርጅቱ አዲስ አበባ ከሆነ ለዚህ ብላችሁ አባይ በረሃን መሻገር አያስፈልጋችሁም፤ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ተቀባዩ ፈርሞ በሚቀበለው ደብዳቤ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ። ከዚያው ጋር በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ፎቶውን ላኩ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልዕክት ሕጋዊ ዋጋ ይሰጠዋል። ውሉ ራሱ «በጽሑፍ» ካለ ግን ወረቀቱን አትተዉ።

በስልክ ብቻ ተነጋግራችሁ «እሺ አቋርጠነዋል» ከተባላችሁ በዚያው ደቂቃ መልዕክት ጻፉላቸው። «ዛሬ በስልክ እንደነገራችሁኝ ውሉ ተቋርጧል፤ ካልሆነ አሳውቁኝ።» የቃሉን ነገር ወደ ጽሑፍ ማምጫ ቀላሉ ዘዴ ይኼ ነው።

ከስልክ ሂሳብ ላይ የሚቆረጠው

ይኼ ሌላ መንገድ አለው። መጀመሪያ መልዕክቱን አታጥፉ፤ ስክሪንሾት አንሱ። አጭር ቁጥሩ፣ ቀኑና የተቆረጠው ብር ይታይ። ከዚያ ወደዚያው ቁጥር ስቶፕ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ላኩ። «ተሰርዟል» የሚል መልስ ሲመጣ እሱንም አስቀምጡ። መልስ ካልመጣ ወይም በማግስቱ እንደገና ከተቆረጠ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700 ደውሉ። አቤቱታችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁና የምዝገባ ቁጥር ተቀበሉ። መቼም ያልተመዘገባችሁበት ከሆነ «እንዴት እንደተመዘገብኩ አሳዩኝ» በሉ። የጥቅል አገልግሎት ስትገዙም «በራሱ ይታደስ» የሚለውን ምርጫ ሳታስተውሉ እንዳትነኩ።

እናታችሁ ገጠር ካሉና ስልካቸው ላይ ሂሳብ እየጠፋ ከሆነ፣ ለዓመት በዓል ስትሄዱ መልዕክቶቻቸውን ከፍታችሁ እዩላቸው። ብዙ ጊዜ እሳቸው የጫኑት ነገር የለም፤ የተጫወተበት ልጅ ነው።

ካልሰሙስ?

ድርጅቱ ውስጥ ከእንግዳ ተቀባይ በላይ ያለውን ሰው አናግሩ። የሚተዋወቅ ሽማግሌ ካለም ክፉ አይደለም፤ በትንንሽ ከተማ ባለቤቱ ጋሼ እገሌ ነው፣ ሰው ሊያናግረው ይችላል። ስምምነት ላይ ከተደረሰ ግን በወረቀት ይሁን።

እምቢ ካለ ለሸማች ጉዳይ በከተማችሁ ወይም በወረዳችሁ ያለው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ይቀበላል። የፌዴራሉ የሸማቾች ጥበቃ ሥራ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። የስልክና የኢንተርኔት ጉዳይ ከሆነ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ለአገልግሎት ሰጪው አመልክታችሁ ቁጥር መያዝ ይኖርባችኋል። የባንክና የመድን ከሆነ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ አለው፤ እዚህም አቤቱታው የሚጀምረው ከራሱ ከባንኩ ወይም ከመድን ድርጅቱ ነው።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ስለ 300 ብር ከሆነ በግልጽ ልናገር፣ አይመከርም፤ መመላለሻው ይበልጣል። የዓመት ክፍያ ከሆነ ግን ዋጋ አለው። ክሱ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ሊቀርብ ይችላል፤ ውሉ ሌላ ቦታ የሚጠቅስ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ እዩ። ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ሊባል ስለሚችል፣ በውክልና የሚያየው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል። መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት ሬጅስትራሩን ጠይቁ፤ ወረዳ ፍርድ ቤት ከፍታችሁ ሥልጣን የለኝም ቢባል ጊዜው ይባክናል።

የዳኝነት ክፍያ አለ፤ በምትጠይቁት ገንዘብ ልክ ይሰላል። መክፈል የማይችል በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ክሱን ከመጻፋችሁ በፊት እነሱ ጋ ጎራ በሉ። ስትሄዱ ውሉን፣ የክፍያ ደረሰኞችን፣ ማኅተም ያለበትን ኮፒ፣ የባንክ መግለጫውንና ስክሪንሾቶቹን አትሙና በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጡ። ለሁሉም ኮፒ ስጡ፤ ዋናውን ግን ከእጃችሁ አታውጡ፤ ዳኛው ሲጠይቅ ብቻ አሳዩ።